የፈተና ቀን ያጡ የጥርስ ሐኪሞች

በፌብሩዋሪ 2024 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ፣ ሴንት ፖልስ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በመንግሥት ወጪ የሚታከሙ አዳዲስ ታካሚዎችን እመዘግባለሁ ባለ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከበሩ ጀምረው ጎዳናውን ይዘው ተሰለፉ። ሰልፉን ሥርዓት ለማስያዝ ፖሊስ መምጣት ነበረበት። ችግሩ የአንድ ሰፈር አልነበረም። ቢቢሲ በ2022 ባደረገው ማጣራት፣ ኤን ኤች ኤስ በሚባለው የመንግሥት የጤና አገልግሎት ሥር ከሚሠሩ የጥርስ ክሊኒኮች ከአሥሩ ዘጠኙ አዲስ አዋቂ ታካሚ አይቀበሉም ነበር። በእንግሊዝ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት ሆስፒታል ከሚገቡባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የጥርስ መበላሸት ነው፤ ብዙዎቹ የሚገቡት ጥርስ ለማስነቀል ነው። በዚያው አገር፣ በዚያው ጊዜ፣ በሌላ አገር ተምረው የተመረቁ በሺዎች የሚቆጠሩ የጥርስ ሐኪሞች የሙያ ፈቃድ ፈተና የሚቀመጡበትን ቀን ይጠብቁ ነበር። ከእነዚህ መካከል በጣም ብዙዎቹን ያስቀራቸው ፈተናውን መውደቃቸው አልነበረም። የሚፈተኑበት ቦታ አላገኙም።

የፈተና መርሐ ግብር ሲባል ብዙዎቻችን የቢሮ ሥራ አድርገን እናየዋለን። ጥያቄዎቹ ትክክል ከሆኑ፣ አራሚዎቹ የማያዳሉ ከሆኑ፣ ቀኑ መቼ እንደሚውልና ማን ቀድሞ እንደሚመዘገብ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስለናል። የብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች ፈተና ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ቦታው ጥቂት፣ ክፍያው ከባድ፣ የማለፊያው ጊዜ ደግሞ በሕግ የተወሰነ በሆነበት ፈተና፣ መርሐ ግብሩ ራሱ ሰው ይጥላል። ሰው የሚጥል ነገር ሁሉ ደግሞ እንደ ጥያቄዎቹ ሁሉ በፍትሕ መመዘን አለበት። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ኦ አር ኢ ይባላል። የሚያስተዳድረው የአገሪቱን የጥርስ ሐኪሞች የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው ጄኔራል ዴንታል ካውንስል (ከዚህ በኋላ ምክር ቤቱ) ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአውሮፓ ውጭ ባሉ አብዛኞቹ አገሮች የተመረቀ የጥርስ ሐኪም በብሪታንያ ለመሥራት ይህን ፈተና፣ ወይም የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ የሚሰጠውን ተመሳሳይ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተመረቁ ሐኪሞች፣ ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላም ቢሆን፣ በጊዜያዊ ሥርዓት አማካይነት ያለ ፈተና መመዝገብ ይችላሉ። ለሌላው ግን መንገዱ ረጅም ነው። ለመፈተን ብቻ እንኳ ቢያንስ 1,600 ሰዓት በገዛ እጁ ታካሚ ማከሙን በሰነድ ማስረዳት አለበት። በአይልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና በአማካይ 7፣ በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ከ6.5 የማያንስ ውጤት ማምጣትም ይጠበቅበታል። ፈተናው ራሱ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት የሚወስድ ሁለት የጽሑፍ ፈተና ነው። ሁለተኛው የተግባር ነው፤ ተፈታኙ የሰው ጭንቅላት አምሳያ ላይ በተገጠሙ የፕላስቲክ ጥርሶች ላይ ይሠራል፤ ታካሚ ሆኖ የሚተውን ሰው ያነጋግራል፤ የሕክምና ዕቅድ ያወጣል፤ ታካሚ ወንበሩ ላይ ድንገት ራሱን ቢስት ምን እንደሚያደርግ ያሳያል።

በዚህ ሁሉ ላይ ሰዓት ተቆጥሮበታል። የመጀመሪያውን ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀመጠበት ቀን አንሥቶ ሁለተኛውን ደረጃ በአምስት ዓመት ውስጥ ማለፍ አለበት። ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚፈቀድለት ሙከራም አራት ብቻ ነው። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። ዕውቀት ያረጃል፤ ከዓመታት በፊት የጽሑፍ ፈተና ያለፈ ሰው ዛሬም ብቁ ነው ብሎ መገመት ለታካሚው አደገኛ ነው። ችግሩ ያለው ሰዓቱ የሚቆጥረው በአንደኛው ወገን ላይ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ተፈታኙ በአምስት ዓመት ውስጥ ያልፍ ዘንድ ግዴታ ተጥሎበታል፤ ፈታኙ አካል ግን በእነዚያው አምስት ዓመታት ውስጥ አራቱን የሙከራ ዕድሎች የሚጠቀምበት ቦታ ያቀርብለት ዘንድ ተመጣጣኝ ግዴታ የለበትም። አራት ዕድል አለህ የሚል ደንብ፣ ዕድሉን የሚጠቀምበት ወንበር ከሌለ፣ በወረቀት ላይ የቀረ መብት ነው።

ይህ ጉድለት በወረርሽኙ ጊዜ ገሃድ ወጣ። በ2020 ኮቪድ ሲገባ ፈተናው ቆመ፤ የተመለሰው በ2022 ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ከአምስቱ ዓመት አርባ በመቶው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም ሊፈተን አልቻለም፤ የአምስት ዓመቱ ሰዓት ግን መቁጠሩን አላቆመም። ምክር ቤቱ ሰዓቱን ላቁም ቢል እንኳ ገደቡ በሕግ የተጻፈ ስለነበር በራሱ ሥልጣን ማድረግ አልቻለም። ሕጉ የተሻሻለው በ2023 ነው፤ ፈተናው በመቋረጡ ምክንያት ጊዜያቸው ላለፈባቸው ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ፤ ምክር ቤቱም ፈተናውን የሚመራበትን ደንብ በራሱ የማውጣት ሰፋ ያለ ሥልጣን አገኘ። ማሻሻያው ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ የመጣው ግን ብዙዎች የሕይወታቸውን ወሳኝ ዓመታት በሥጋት ካሳለፉ በኋላ ነው። መፍትሔውም ያረፈው በወረርሽኙ ላይ እንጂ ወረርሽኙ ባጋለጠው ጉድለት ላይ አልነበረም። ዛሬም ቦታ በማጣት የሚባክን ወር ሁሉ ከተፈታኙ ሒሳብ ላይ ይቀነሳል።

ወሩ እንዴት እንደሚባክን ለመረዳት ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀን ማየት ይበቃል። ለዓመታት የተሠራበት ልማድ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል የሚል ነው። ምክር ቤቱ ቀንና ሰዓት ያስታውቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተፈታኞች በአንድ ጊዜ ድረ ገጹ ላይ ይረባረባሉ፤ ቦታው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ለንደን ውስጥ ፈጣን መስመር ያለው ሰውና መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ በስልክ ዳታ የሚሞክር ሰው እኩል ተወዳዳሪ ተደርገው ይቆጠራሉ። አንዱ ሌሊት ነቅቶ ይጠብቃል፤ ሌላዋ ሥራ ላይ ሳለች ሰዓቱ ያልፍባታል። የባንክ ካርዱ ለውጭ አገር ክፍያ የማይሠራለት ደግሞ ገጹ ቢከፈትለትም መክፈል አይችልም። ከሦስት ዓመት በፊት ማመልከቻው ተቀባይነት ያገኘለት ሰው ባለፈው ወር ካገኘለት ሰው ምንም ቅድሚያ የለውም። ለሐኪም ብቃት ምንም የማይነግረን ነገር፣ ማለትም የኢንተርኔት ፍጥነት፣ ሐኪሙ መቼ ሥራ እንደሚጀምር ይወስናል። ይህን አሠራር ወረፋ ብሎ መጥራት ያስቸግራል፤ በወረፋ ውስጥ የጠበቀ ሰው ወደፊት ይራመዳልና።

ቦታ ሳያገኙ የሚያልፈው ጊዜ ባዶ ጊዜ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ በቀለለ ነበር። የጥርስ ሕክምና ግን የእጅ ሙያ ነው። በጠባብ አፍ ውስጥ፣ በመስታወት እያዩ፣ ከሚሊሜትር ያነሰ ልኬት ጠብቆ ጥርስ መቦርቦርና መሙላት በየቀኑ ካልተሠራበት ይደነዝዛል። ፈቃዱን በመጠባበቅ ላይ ያለ ሐኪም በብሪታንያ ምድር ጥርስ ማከም አይፈቀድለትም። በዚያ የሚኖሩት ብዙዎቹ በጥርስ ክሊኒክ ረዳትነት ይቀጠራሉ፤ ሌሎች በፈጣን ምግብ ቤት ወይም በዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ይሠራሉ። ብቁነትን ለማረጋገጥ የተዘረጋው ሥርዓት በመጓተቱ ምክንያት ብቁነትን ራሱን እየሸረሸረ ነው ማለት ነው። ተፈታኙ ከሁለት ዓመት ጥበቃ በኋላ የተግባር ፈተናው ላይ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ የተመዘነው በከፊል ችሎታው ነው፤ በከፊል ደግሞ እንዲጠብቅ የተደረገበት ጊዜ ርዝመት ነው። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትም ቢሆን በተለምዶ ከሁለት ዓመት በላይ አያገለግልም፤ ቢያልፍበት እንደገና መፈተን፣ እንደገና መክፈል ይመጣል።

ምክር ቤቱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ይህን አለመናገር ግፍ ይሆናል። በ2023 የመጀመሪያውን ደረጃ ቦታዎች በሦስት እጥፍ አሳድጎ በአንድ ዙር ወደ 600 አደረሰ። ለ2024 ደግሞ በሁለተኛው ደረጃ ላይ አንድ ዙር ጨምሮ በዓመት አራት ዙር አደረገ። አንዱ ዙር 144 ሰው ይይዝ ነበር፤ በዓመት 576 መሆኑ ነው። አሁን ሒሳቡን እናስላ። የጽሑፍ ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሰጥና ከተፈታኞቹ ግማሹ ብቻ ቢያልፍ እንኳ በዓመት 600 አዲስ ሰው ወደ ተግባር ፈተናው ይመጣል። ያ ብቻውን ከ576ቱ ይበልጣል። በዚህ ላይ የተግባር ፈተናውን ወድቀው የሚመለሱትና ከቀደሙት ዓመታት የተጠራቀሙት ይጨመራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን በር ማስፋት ብቻውን ሰልፉን አያሳጥርም፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ያዛውረዋል። የከፋው ደግሞ ሰዎቹ የመጀመሪያውን ደረጃ ተፈትነዋልና የአምስት ዓመቱ ሰዓት በሁሉም ላይ መቁጠር ጀምሯል። አንድ ደረጃን ለይቶ ማስፋት ያለ ክፋት የተወሰደ እርምጃ ሆኖ ሳለ የባሰ ጥድፊያ ሊፈጥር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ክርክር ተቃዋሚዎች በመጀመሪያ የሚያነሡት የታካሚ ደኅንነትን ነው። ፈተናውን ማቅለል ሕዝብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው ይላሉ። ስለ ማቅለል የሚባለው እውነት ነው፤ እዚህ የሚጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንኳ እንዲቀል፣ ከማለፊያው ነጥብ ግማሽ እንኳ እንዲቀነስ ማንም አልጠየቀም። ብቁ ያልሆነው ሐኪም ቶሎ ተፈትኖ ቶሎ ቢወድቅ ለሁሉም ይሻላል፤ ለእርሱም ጭምር፤ ሌላ የሕይወት መንገድ ይፈልጋልና። ብቁው ደግሞ በቶሎ ወደ ታካሚው ይደርሳል። በደኅንነት በኩል ካሰብነው፣ ሐኪም በማጣት ሰው ጥርሱን በገዛ እጁ በፒንሳ እስከ መንቀል የደረሰበት አገር ውስጥ ማዘግየትም ራሱ የደኅንነት ጉዳት ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የአቅም ነው። የተግባር ፈተና እንደ ጽሑፉ በአዳራሽ ወንበር በመደርደር አይሰፋም። የጭንቅላት አምሳያዎችና መሣሪያዎች የተገጠሙለት ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ክፍል ያለው በጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ነው፤ እነርሱም የራሳቸው ተማሪዎች አሏቸው። ልምድ ያላቸው ፈታኞች ይፈለጋሉ፤ እያንዳንዳቸው ያን ዕለት ክሊኒካቸውን ዘግተው ነው የሚመጡት። ፈተናው ወጪውን የሚሸፍነው ከተፈታኞቹ በሚሰበሰብ ክፍያ ስለሆነ፣ ለተግባር ፈተናው የሚጠየቀው በ2024 ከ4,000 ፓውንድ በላይ ደርሷል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን በዚያው አገር ሌሎች ሙያዎች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። በሌላ አገር ለተመረቁ የሕክምና ዶክተሮች የሚሰጠው ፕላብ የተባለው ፈተና የተግባር ክፍል፣ ተቆጣጣሪው አካል ማንቸስተር ላይ ለዚሁ ብሎ ባቋቋመው ማእከል ዓመቱን ሙሉ በብዙ ቀናት ይሰጣል። ከውጭ የሚመጡ ነርሶች የኮምፒውተሩን ፈተና በየአገሩ ባሉ የፈተና ማእከሎች ይቀመጣሉ፤ የተግባሩን ደግሞ በአምስት የተለያዩ የብሪታንያ ተቋማት። የጥርስ ሕክምና ፈተና መሣሪያው ቢወደድ፣ ክፍሉ ቢጠብ፣ የጽሑፍ ክፍሉ ግን ኮምፒውተር እንጂ ሌላ አይጠይቅም፤ እርሱን ወደ ተፈታኙ አገር ማቅረብ ይቻላል። የተግባሩንም ቢሆን ከዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ትርፍ ሰዓት ጥገኝነት አውጥቶ ቋሚ ማእከል ማቋቋም የሰው ኃይል እጥረት ላለበት መንግሥት ተገቢ ወጪ ነው። የፈተናውን ወጪ ሁሉ በተፈታኙ ትከሻ ላይ የመጣሉ አሠራርም እዚህ ላይ ሊመረመር ይገባል፤ ከፈተናው የሚጠቀመው ተፈታኙ ብቻ አይደለምና።

ሌላው ተቃውሞ ለእኛ ቅርብ ነው። ሀብታም አገር በሩን ባሰፋ ቁጥር ድሃው አገር ያሠለጠነውን ሐኪም ያጣል የሚል ነው። በኢትዮጵያ የጥርስ ሐኪሞች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ይህን ሥጋት በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ሆኖም የተጓተተ የፈተና ቀን ይህን ችግር አይፈታም። በጥበቃ ላይ ካሉት ብዙዎቹ አስቀድመው ወጥተዋል፤ አንዳንዱ በስደት፣ አንዳንዷ ትዳር ተከትላ፣ አንዳንዱ በትምህርት ምክንያት። የፈተና ቦታ ስላጣ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሐዋሳ ክሊኒክ የሚመለስ የለም። የሚሆነው ሐኪሙን አገሩም ሳታገኘው፣ የሄደበት አገርም ሳይጠቀምበት መቅረት ነው። የሐኪሞችን ፍልሰት መቀነስ የፈለገ መንግሥት የሚሠራው ደመወዝ፣ የሥራ ቦታና መሣሪያ ላይ ነው። አዳዲስ ምልመላ የሚካሄድባቸውን አገሮች መገደብም ሌላ የፖሊሲ ጉዳይ ነው። አመልክቶ፣ ከፍሎ፣ ሰዓቱ መቁጠር የጀመረበትን ሰው ማጉላላት ግን ከሁለቱም አይቆጠርም።

የእንግሊዝ መንግሥት በ2024 ይፋ ባደረገው የጥርስ ሕክምና ዕቅድ ሌላ ሐሳብም አቅርቧል፤ ከውጭ የመጣ ሐኪም ፈተናውን ሳይጨርስ በተመዘገበ ሐኪም ክትትል ሥር በጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሠራ የሚል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እጅ እንዳይዝል ያደርጋል፤ ታካሚም ሐኪም ያገኛል። ይሁን እንጂ ጊዜያዊ ፈቃድ የፈተናውን መርሐ ግብር ጥያቄ አይተካውም። ጊዜያዊ የሆነ ሁሉ ማብቂያ አለው፤ በማብቂያው ቀን ሰውየው የሚፈተንበት ወንበር ከሌለ ሥራውን ጥሎ እንደገና ሊጠብቅ ነው።

የሚያስፈልገው ለውጥ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። የፈተና ቀናት ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ይታወቁ፤ ቪዛ የሚጠይቅ፣ ከአሠሪው ፈቃድ የሚወስድ፣ ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው በሳምንታት ማስታወቂያ ሊዘጋጅ አይችልምና። ቦታ የሚደለደለው በጣት ፍጥነት መሆኑ ቀርቶ ማመልከቻው ተቀባይነት ባገኘበት ቀን ቅደም ተከተል ይሁን፤ ጊዜያቸው ሊያልቅ የተቃረቡ ቅድሚያ ያግኙ። የሁለቱ ደረጃዎች ቦታ ብዛት አብሮ ይታቀድ፤ የጽሑፉን ያለፈ ሰው የተግባሩን መቼ እንደሚፈተን በዚያው ሰሞን ይወቅ። ከሁሉ በላይ ግን የአምስት ዓመቱ ገደብ ይስተካከል። ዕውቀት እንዳያረጅ የሚለው ዓላማ ሊከበር ይገባል፤ ሆኖም ሰዓቱ መቁጠር ያለበት ተፈታኙ ቦታ ቀርቦለት ሳይፈተን የቀረበትን ጊዜ እንጂ ጠይቆ የተከለከለበትን አይደለም። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የ2023ቱ ማሻሻያ ለምክር ቤቱ በሰጠው ሥልጣን ሊሠራ የሚገባው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ የምትማረው አላት። ጤና ሚኒስቴር ለጤና ባለሙያ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና መስጠት የጀመረው በ2019፣ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው። ፈተናው ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ሕዝብ የሚያክመው ሰው ብቁ መሆኑን የማወቅ መብት አለው። ፈተናው ገና ወጣት በመሆኑም ቀኑን የማስታወቅ፣ ለወደቀው ቀጣዩን ዙር በቶሎ የማዘጋጀት፣ በጸጥታ ችግር ወይም በመንገድ መዘጋት የቀረውን ተፈታኝ እንደ ወዳቂ ያለመቁጠር ልማድ አሁኑኑ ቢገባበት ይቀላል። ብሪታንያ ከዓመታት በኋላ በሕግ ማሻሻያ የፈለገችውን መድኃኒት እዚህ ከጅምሩ በደንብ ውስጥ መጻፍ ይቻላል።

በብሪታንያ ያላችሁ፣ ይህን ፈተና በመጠባበቅ ላይ የምትገኙ ኢትዮጵያውያን የጥርስ ሐኪሞች፣ ያመለከታችሁበትን ቀን፣ ለመመዝገብ ሞክራችሁ ቦታ ያጣችሁባቸውን ዙሮች ሁሉ በጽሑፍ ያዙ። ለአካባቢያችሁ የፓርላማ ተወካይ ጻፉ፤ ዜግነት ባይኖራችሁም በወረዳው ነዋሪ እስከሆናችሁ ድረስ ጉዳያችሁን ማቅረብ ትችላላችሁ። ምክር ቤቱም በደንቡ ለውጦች ላይ የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ ዝም አትበሉ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ወንበር ያልቀረበለት ሰው ሰዓት አይቆጠርበት።